ከጲላጦስ ሰሌዳ እስከ ቦሩ ሜዳ

ኢየሱስ በምድር ሳለ በጽሑፍ የተሰጠው የማዕረግ ስም አንድ ብቻ ነው፤ ያጻፈውም ሞት የፈረደበት ሰው ነው። አራቱም ወንጌላት እንደሚነግሩን በመስቀሉ ራስጌ «የአይሁድ ንጉሥ» የሚል የክስ ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ዮሐንስ ጽሑፉ በዕብራይስጥ፣ በሮማይስጥና በጽርዕ እንደነበረ ይጨምራል። የካህናት አለቆች ነገሩ ከነከናቸውና ሰውየው ንጉሥ ነኝ ማለቱ እንጂ ንጉሥ መሆኑ እንዳይጻፍ ለመኑ፤ ጲላጦስ ግን የጻፍሁትን አልነካም ብሎ መለሳቸው። ለሮም ይህ የአምልኮ ጉዳይ አልነበረም። ያለ ቄሣር ፈቃድ ንጉሥ ነኝ ማለት በሞት የሚያስቀጣ ዐመፅ ስለነበር ማዕረጉና ወንጀሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ተጻፉ።

የጲላጦስን ምርመራ የያዘች አንዲት ብጣሽ ዛሬም በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ፣ በጆን ራይላንድስ ቤተ መጻሕፍት ትገኛለች። ከግብፅ የመጣች የፓፒረስ ቁራጭ ናት፤ ቁመቷ 9፣ ወርዷ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ታትማ ለዓለም ከተገለጠች ወዲህ ብዙ ምሁራን በ2ኛው መቶ ዘመን የተጻፈች ናት ይላሉ። በፊቷም በጀርባዋም የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጥቂት መስመሮች አሉ። የተረፈው ክፍል ጲላጦስ ኢየሱስን ስለ ንግሥናው የጠየቀበት ነው። «ንጉሥ» የሚለው ቃል ራሱ ግን በተቀደደው ወገን ጠፍቷል፤ «አይሁድ» ከሚለው ስም የቀሩትም የመጨረሻዎቹ ፊደላት ናቸው። ከአዲስ ኪዳን ጥንታዊ ቁራጮች አንዷ የሆነችው ይህች ብጣሽ የያዘችው ነገር «አንተ ማን ነህ?» የሚለው ጥያቄ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ብዙ ነው፤ ክርስቶስ፣ የሰው ልጅ፣ የእግዚአብሔር ልጅ፣ ጌታ፣ መድኃኒት፣ በግ፣ ቃል፣ ሊቀ ካህናት፣ ዐማኑኤል። እነዚህ ስሞች ከሰማይ ያለ ባለቤት አልወረዱም። አብዛኞቹ ከኢየሱስ በፊት በንጉሥ፣ በካህን፣ በቄሣር ወይም በፈላስፋ እጅ የነበሩ ናቸው። ወደ እሱ ሲመጡ ግን የተሰቀለ ሰው ስም ሆኑ፤ ትርጉማቸውም እንደ ቀድሞው ሊቀጥል አልቻለም። የኋለኛው ዘመን ጠብ ሁሉ፣ በእኛም አገር የሆነው ሳይቀር፣ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል።

መሲሕ ማለት ዘይት የተቀባ ማለት ነው። በእስራኤል ነገሥታትም ካህናትም ይቀቡ ነበር። ሳሙኤል የዘይት ቀንዱን ይዞ ወደ ቤተ ልሔም ወረደና ታላላቅ ወንድሞቹን አልፎ በግ ጠባቂውን ዳዊትን ቀባ። የኢሳይያስ መጽሐፍ በምዕራፍ 45 ደግሞ እግዚአብሔርን የማያውቀውን የፋርስ ንጉሥ ቂሮስን ሳይቀር የተቀባ ይለዋል፤ ሕዝቡን ከምርኮ የሚያወጣ የእግዚአብሔር መሣሪያ ነበርና። የዳዊት ዙፋን ከወደቀ በኋላ ስሙ ወደ ፊት መመልከት ጀመረ። የሮሙ ጦር አለቃ ፖምፔ በ63 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ የተዘጋጁት «መዝሙረ ሰሎሞን» የሚባሉት አሥራ ስምንት የአይሁድ መዝሙራት አሕዛብን ከከተማይቱ የሚያባርር የዳዊት ልጅ ይናፍቃሉ። በሙት ባሕር ዳር በቁምራን የነበሩት መናንያን ደግሞ ሁለት መሲሖችን ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ ከአሮን ወገን ካህን፣ ሌላው ከእስራኤል ንጉሥ። ስለዚህ በኢየሱስ ዘመን «መሲሕ ነህን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የትኛውን መሲሕ ማለቱ እንደሆነ መናገር ነበረበት።

ይህን ልብ ካልን በፊልጶስ ቂሣርያ የሆነው ነገር ይገባናል። ቦታው በአርሞንኤም ተራራ ግርጌ፣ ከዮርዳኖስ ምንጮች አንዱ ከሚፈልቅበት ገደል ሥር ነው። በዋሻው ፓን የተባለው የግሪኮች አምላክ ይመለክበት ነበር። ታላቁ ሄሮድስ በዚያው አካባቢ ለአውግስጦስ ቄሣር የነጭ እብነ በረድ ቤተ መቅደስ አሠርቷል፤ ልጁ ፊልጶስም ከተማዋን በቄሣር ስም ጠራት። ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሰዎች ማን ይሉኛል ብሎ የጠየቀው በዚህ አገር ነው። አንዱ መጥምቁ ዮሐንስ፣ አንዱ ኤልያስ፣ አንዱ ከነቢያት አንዱ አለ። ጴጥሮስ ግን ክርስቶስ መሆኑን መሰከረ። በማርቆስ ወንጌል ከዚያ የሚከተለው እንግዳ ነገር ነው፤ ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸውና ወዲያው ስለ መከራውና ስለ ሞቱ ያስተምራቸው ጀመር። ያንን ታላቅ ምስክርነት የሰጠው ጴጥሮስ ይህን ሲሰማ ለብቻው ወስዶ ሊገሥጸው ቃጣው፤ እሱ ራሱ ግን የከረረ ተግሣጽ ደረሰበት።

ጀርመናዊው ሊቅ ቪልያም ቭሬደ እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የዝምታ ትእዛዝ ወንጌላዊው ያመጣው ሐሳብ ነው ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አላባራም። እኔ ግን ዝምታው ከዘመኑ ጋር የሚስማማ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስሙን የሰማ ሁሉ ሰይፍ ያስብ ነበር። ዮሐንስም እንጀራ የበሉት ሰዎች በግድ ሊያነግሡት ሲያስቡ ብቻውን ወደ ተራራ ፈቀቅ ማለቱን ጽፏል። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ132፣ ስምዖን ባር ኮክባ በሮም ላይ ሲነሣ ረቢ አቂባ መሲሕ ብሎ እንደተቀበለው ይነገራል፤ ጦርነቱ በ135 ሲያልቅ ይሁዳ ፈራርሳ ነበር። ስሙ በዚህ መልኩ ቢወሰድ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ኢየሱስ ራሱን ሲጠራ የሚወደው ስም ሌላ ነበር። «የሰው ልጅ» የሚለው በወንጌላት 80 ጊዜ ያህል ይገኛል፤ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜም የሚናገረው እሱ ራሱ ነው። ጳውሎስ በመልእክቶቹ አንድም ጊዜ አልተጠቀመበትም። ከወንጌላት ውጭ በሐዋርያት ሥራ እስጢፋኖስ ከመወገሩ በፊት ሰማይ ተከፍቶ ባየ ጊዜ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ እምብዛም አይገኝም። ላይ ላዩን ሲሰማ ትሑት ስም ነው፤ ሰው ነኝ እንደማለት። በዳንኤል ምዕራፍ 7 ግን የሰው ልጅ የሚመስለው በሰማይ ደመና መጥቶ የማያልፍ ግዛት ይቀበላል። ሊቀ ካህናቱ በፍርድ ሌሊት ልብሱን የቀደደው ኢየሱስ ይህን የዳንኤል ራእይ ወደ ራሱ ባመጣ ጊዜ ነው።

የዚህ ስም ታሪክ ያለ ኢትዮጵያ ሊጻፍ አይችልም። መጽሐፈ ሄኖክ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ባለው ክፍሉ «የሰው ልጅ» የተባለ፣ ከፍጥረት በፊት የተሰወረ፣ በክብር ዙፋን ተቀምጦ በነገሥታትና በኃያላን ላይ የሚፈርድ አንድ ኅሩይ ያሳየናል። በቁምራን ዋሻዎች የሄኖክ መጽሐፍ የአራማይክ ቁራጮች ተገኝተዋል፤ ይህ ክፍል ግን ከመካከላቸው የለም። ዛሬ የምናነበው በግዕዝ የተጻፉት የብራና መጻሕፍት ጠብቀው ስላቆዩት ነው። በጎንደር ተቀምጦ የነበረው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂዎችን ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢየሱስን «የሰው ልጅ» የሚመረምር የዓለም ሊቅ ሁሉ የእኛን ደብተራዎችና ቁም ጸሐፊዎች እጅ ይጠብቃል። እነዚያ ሰዎች ስማቸው ባይታወቅም ለክርስትና ታሪክ የዋሉት ውለታ ትልቅ ነው፤ ተገቢውን ምስጋና አግኝተዋል ብዬም አላምንም።

ከትንሣኤ በኋላ ከአማኞች አፍ ቀድሞ የወጣው ስም «ጌታ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ ነው። ብሉይ ኪዳንን በጽርዕ የሚያነቡ አይሁድ ወደ መለኮታዊው ስም ሲደርሱ «ጌታ» ይሉ ነበርና፤ ያንኑ ስም ለተሰቀለ ሰው መስጠት በአንድ አምላክ ለሚያምን እስራኤላዊ ቀላል አልነበረም። ሊቁ ቪልሄልም ቡሴት እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራው ይህ ስም የተወለደው በአሕዛብ መካከል፣ ጽርዕ በሚናገሩ ጉባኤዎች እንጂ በኢየሩሳሌም አይደለም ብሎ ነበር። ክርክሩን የሚያናጋው በ1ኛ ቆሮንቶስ መልእክት መጨረሻ ላይ ያለ አንድ አጭር ጸሎት ነው። ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ50ዎቹ ጽርዕ ለሚናገሩ ቆሮንቶሳውያን ሲጽፍ «ማራናታ» የሚለውን የአራማይክ ጸሎት ሳይተረጉም ተወው። ጌታ ሆይ ና ማለት ነው። አራማይክ የማያውቁ ሰዎች ይህን ቃል እንዳለ የተማሩት ከኢየሱስ አገር ሰዎች፣ ከመጀመሪያዎቹ አማኞች መሆን አለበት። እንዲያውም ብዙ ሊቃውንት ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ያለው ክርስቶስ ራሱን ባዶ አድርጎ እስከ መስቀል ሞት የታዘዘበትና ከስም ሁሉ በላይ የሆነው ስም የተሰጠበት ክፍል ከመልእክቱ የቀደመ ዝማሬ ነው ይላሉ። ከሞቱ ሃያ ዓመት ገደማ ብቻ አልፎ ነበር።

ይህ ስም በሮም ምድር ዋጋ አስከፈለ። በ112 ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን የነበረው ገዢ ታናሹ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራያን በጻፈው ደብዳቤ ክርስቲያኖች ገና ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ እንደሚዘምሩ አስታውቋል። የተከሰሰ ሰው ለቄሣር ምስል ዕጣን ካጠነና ክርስቶስን ከረገመ ይለቀቅ ነበር። የሰምርኔሱ ሽማግሌ ጳጳስ ጶሊቃርጶስም ቄሣር ጌታ ነው ማለት ምን ይጎዳሃል ተብሎ ተለመነ፤ አልልም ብሎ በእሳት ተቃጠለ።

«መድኃኒት» የሚለውም እንዲሁ ባለቤት ነበረው። በግብፅ የነገሠው ቀዳማዊ በጥሊሞስ የማዕረግ ስሙ አዳኝ ነበር፤ በታናሽ እስያ በ9 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተቀረጸው የፕሪዬኔ ጽሑፍም አውግስጦስን አዳኝ፣ ልደቱንም የምሥራች ይለዋል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ኢየሱስን የዓለም መድኃኒት ያሉት ግን አይሁድ የሚጸየፏቸው ሳምራውያን ናቸው፤ ሁለት ቀን አብሯቸው ሰንብቶ ነበር። በአገራችን ሰው አፍ ላይ ከክርስቶስ ስሞች ሁሉ የተለመደው ይኸው የሳምራውያን ስም ሳይሆን አይቀርም፤ የታመመውም የተበደለውም «መድኃኔ ዓለም» ብሎ ይጣራል። በየወሩ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 28 ዐማኑኤል፣ 29 በዓለ ወልድ ተከታትለው ሲመጡ፣ ሊቅ ያልሆነው ገበሬም የስሞቹን ሥርዓት በወሩ አቆጣጠር ይዞ ይኖራል።

ስለ በጉ፣ ስለ ቃልና ስለ ሊቀ ካህናት ብዙ ማለት ይቻል ነበር። በራእየ ዮሐንስ ከይሁዳ ነገድ አንበሳ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የሚታየው የታረደ በግ ነው፤ ከላይ ያልኩት የስሞች መገለባበጥ በአንድ ትዕይንት ሲፈጸም እዚህ ይታያል። «ቃል» የሚለው የእስክንድርያው አይሁዳዊ ፈላስፋ ፊሎ ብዙ የጻፈበት ስም ነበር፤ ዮሐንስ ግን ቃል ሥጋ ሆነ ማለቱ ፊሎ የማይደፍረው ነው።

«ክርስቶስ» የሚለው ራሱ በዚህ መሀል ማዕረግነቱ እየደበዘዘ እንደ መጠሪያ ስም ሆነ። በአንጾኪያ ደቀ መዛሙርቱ ክርስቲያኖች ተባሉ። በ116 ገደማ የጻፈው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲቱስ በጲላጦስ ዘመን የተገደለውን ሰው ክርስቶስ ብሎ ይጠራዋል፤ ማዕረግ መሆኑን የሚያውቅ አይመስልም። ዕለታዊው አምልኮ ግን ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በእስራኤል በመጊዶ እስር ቤት ግቢ ቁፋሮ ሲደረግ የ3ኛው መቶ ዘመን የጸሎት ቤት ወለል ተገኘ። በጠጠር ምንጣፉ ላይ አኬፕቱስ የተባለች ሴት ለአምላክ ለኢየሱስ ክርስቶስ መታሰቢያ ጠረጴዛ ማቅረቧ ተጽፏል፤ ወለሉን ያሠራውም ጋያኖስ የሚባል የሮም መቶ አለቃ ነው። ይህ ከኒቅያ ጉባኤ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የክርስቶስ አምላክነት በኒቅያ ተፈጠረ ለሚሉ ሰዎች የዚያች ሴት ጠረጴዛ በቂ መልስ ነው።

ኒቅያ የተሰበሰበው ሌላ ጥያቄ ለመመለስ ነው። የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ «ልጅ» የሚለውን ስም ይዞ ልጅ ከሆነ ጅማሬ አለው አለ፤ በምሳሌ ምዕራፍ 8 ጥበብ ስለ ራሷ የተናገረችውን ማስረጃ አደረገ። በ325 ሠለስቱ ምእት የሚባሉት አበው በቈስጠንጢኖስ ጥሪ ተሰብስበው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን ወሰኑ። ውሳኔው አልረጋም፤ ዲያቆን ሆኖ በጉባኤው የተገኘው አትናቴዎስ ፓትርያርክ ከሆነ በኋላ ለዚህ ቃል አምስት ጊዜ ተሰደደ።

ክርክሩ አክሱም ድረስ መጣ። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማን፣ ጳጳስ አድርጎ ሾሟቸው ነበር። ወደ አርዮስ ወገን ያደላው ንጉሠ ነገሥት ቈስጣንዮስ በ356 ገደማ ለአክሱሙ ንጉሥ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ጽፎ አባ ሰላማ በእስክንድርያ ለተተካው ተቃዋሚ ጳጳስ ለምርመራ እንዲላኩ ጠየቀ። ደብዳቤው ዛሬ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ይነበባል። የኢዛና የድንጋይ ጽሑፎች ደግሞ የስም ለውጥ በአንድ ሰው ሕይወት ምን እንደሚመስል ያሳያሉ። በቀድሞዎቹ ንጉሡ የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነው፤ የአምላክ ልጅነት የራሱ ማዕረግ ነበር። በኋለኛው የጽርዕ ጽሑፍ ግን አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ጠርቶ ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ይላል። የገንዘቡም ምልክት ከጨረቃና ከክብ ወደ መስቀል ተለወጠ። ልጅነቱን ለሌላ ለቅቆ አገልጋይነትን የመረጠ ንጉሥ በዚያ ዘመን ብዙ አልነበረም።

በ431 በኤፌሶን ጉባኤ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ ማርያምን ወላዲተ አምላክ አልላትም በማለቱ ተወገዘ፤ ጉዳዩ የልጇ ማንነት ነበር። በ451 በኬልቄዶን ሁለት ባሕርይ ሲባል እስክንድርያና ከእሷ ጋር ያለችው የእኛ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበሉም፤ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ የቅዱስ ቄርሎስን ተዋሕዶ ይዘው ቀሩ። በግዕዝ «ቄርሎስ» የሚባለው መጽሐፍ ከአክሱም ዘመን ትርጉሞች አንዱ ነው።

ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ጥያቄው እንደገና የተነሣው እንደ መጠሪያ በተለመደው «ክርስቶስ» በሚለው ስም ላይ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ አገሪቱ በጦርነት ታመሰች፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካቶሊክነትን ያስተማሩት ኢየሱሳውያን ሲባረሩ ግን ከእነሱ ጋር በተደረገው ሙግት የተነሣ አንድ ጥያቄ ቀረ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ተብሏል፤ አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? ካሮች ወይም ሁለት ልደት የሚባሉት ሥጋ የከበረው ከቃል ጋር በመዋሐዱ ነው፤ ቅብዐቱም ራሱ ተዋሕዶው ነው አሉ። ቅባቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ከበረ አሉ። ጸጎች ወይም ሦስት ልደት የሚባሉት ከአብና ከድንግል ከተወለደው ልደት ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ የጸጋ ልደት ጨመሩ። ጎጃም ለቅባት፣ ትግራይ ለካራ፣ ደብረ ሊባኖስና ሸዋ ለጸጋ አደሉ፤ በዘመነ መሳፍንት የእምነቱ ወሰንና የመኳንንቱ ወሰን ተደራረበ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘመናቸው ጳጳስ ከአቡነ ሰላማ ጋር ካራን ደገፉ። በመጨረሻም በግንቦት 1870 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ተገኙ። ሦስት ልደት ተወገዘ፣ ተዋሕዶ ጸና። በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ብዙ ደምና ስደት ያስከተለ ትእዛዝ ነበር። ራሱን ለሞት የሰጠውን ጌታ ስም በአዋጅና በጦር ማስከበር ከስሙ ጋር የሚጣላ ነው፤ የቦሩ ሜዳን ታሪክ በኩራት ብቻ የሚያነብብ ሰው ይህን ገጽ መዝለል የለበትም።

ክርክሩ በጉባኤ ቤት አልሞተም። የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ የሚማር ደቀ መዝሙር ወደዚያ የሐዋርያት ሥራ ክፍል ሲደርስ ቀቢው ማን ነው፣ ተቀቢው ማን ነው፣ ቅብዐቱስ ምንድር ነው ተብሎ ይጠየቃል። በ180 ገደማ በዛሬዋ ፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ጳጳስ የነበረው ሄሬኔዎስ «ክርስቶስ» በሚለው ስም ውስጥ የሚቀባው፣ የሚቀባበትና የተቀባው ሦስቱም አሉ ብሎ ጽፎ ነበር፤ አብ ቀባ፣ ወልድ ተቀባ፣ ቅብዐቱም መንፈስ ቅዱስ ነው ይላል። ካራው ይህን ሲተረጉም ወልድ ራሱ ቀቢም ተቀቢም ቅብዕም ነው ብሎ ይነሣል፤ ቅባቱም ከጎጃም በዚያው ቃል ይመልስለታል።